ሰባት በር፣ ሰባት ጣሳ

መርካቶ ሃምሳ ኩንታል ጨው የፈለገ ሰው በአንድ ጧት ገዝቶ፣ አስጭኖ ይመለስ ነበር። አንድ ጭብጥ ጨው የፈለገ ግን ጉዱ ፈላ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ወደ አማኑኤል ከሚወርደው መንገድ ወደ ግራ በሚገባው ቅያስ ለሚኖረው ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ሸማኔው፣ ኩሊው፣ ጫማ ጠራጊው፣ በአንድ ክፍል ስድስት ሰባት ሆኖ የሚያድረው ቤተሰብ፣ ዙሪያውን በዕቃ ተከቦ ዕቃ ያጣ ሕዝብ ነበር። ጅምላ ነጋዴው ዘንድ ሄዶ አንድ ሻማ ቢጠይቅ «በካርቶን ነው የምንሸጠው» ይባላል። የቀበሌው ሱቅ ሄዶ ቢሰለፍ፣ እግሩ ዝሎ ተራው ሲደርስ «አልቋል» ይባላል። እንዲህ ያለ ገበያ መሐል ተኝቶ ክብሪት ከጎረቤት መበደር እንደ ነውር መቆጠሩ ከቀረ ቆይቷል።

በዚያ ቅያስ ውስጥ በአንድ መደዳ የተሠሩ ሰባት የቆርቆሮ በሮች ነበሩ። ባለቤታቸው ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ እጃቸውን አጨብጭበው ቀሩ። ቀበሌው በሮቹን አሸገ። የማሸጊያው ወረቀት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ጽሑፉ ጠፍቶ ነጣ፤ ውስጡን አይጥ ወረሰው። አምስት ዓመት ሙሉ ሰባቱ በሮች ያፈሩት ዝገት ብቻ ነው። ሰፈርተኛው ከመልመዱ የተነሣ እንደ ግድግዳ እንጂ እንደ በር አያያቸውም ነበር።

ጠሂራ የምትቀመጠው ከመጀመሪያው በር ሥር ነው። አርባውን የተሻገረች፣ ቀይ ዳማ፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይጮኽ፣ ማንም ግን የማያቋርጣት ሴት ነበረች። ያደገችው ወሎ፣ ባቲ ገበያ ላይ፣ ከእናቷ የቅመም መደብ አጠገብ ነው። በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ ብቻዋን አዲስ አበባ ገባች። የገባች ዕለት ሲኒማ ራስ አካባቢ አንዲት ሴት አዝናላት ሳንቲም ብትዘረጋላት፣ «ሳንቲሙ ይቅርብኝ፤ አምስት ራስ ሽንኩርት ያበድሩኝና ሸጬ ልመልስ» አለቻት ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ጠሂራን የሚያውቅ ሁሉ ያምነዋል። ከዚያ ወዲህ በታሸገው በር ሥር ጉልት ዘርግታ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ክብሪት እየቸረቸረች ኖረች።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ምላጭ ነው። ሚያዝያ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ቀትር፣ እዚያው ቅያስ የሚኖረው ሸማኔ ጥጋቡ ሚስቱ ምጥ ይዟት፣ አዋላጂቱ እትብት መቁረጫ አዲስ ምላጭ አምጣ ብላው እየሮጠ ወጣ። መርካቶን ዞረ። አንዱ «በደርዘን ነው» አለው፤ ሌላው «ደረሰኝ ለአንድ ፍሬ አይቆረጥም» አለው፤ ሦስተኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ጠሂራ አስቆማ ጠየቀችው። ከሣጥኗ ሥር ለራሷ ያስቀመጠችው፣ ወረቀቱ ያልተፈታ አንድ ምላጭ ነበራት፤ ሰጠችው። ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች፤ ልጅቷ ሸዋዬ ተባለች። ጠሂራ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ መሸጡን ትታ ቁጭ አለች። ይህ ሁሉ ዕቃ ተከምሮ ሰው ለአንድ ምላጭ እንዲህ ይሩጥ? እያለች ስትብሰለሰል ቆይታ ዞር አለች። አምስት ዓመት ጀርባዋን ያስደገፈችበት ነገር የሱቅ በር መሆኑ ያኔ ገና ታያት።

ሰኞ ጧት ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጓድ ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራው ወረቀት ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር አያምንም፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ ያስደነግጠዋል። ጠሂራ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። አንድ ቀን ስብሰባ ነው፤ አንድ ቀን ዘመቻ ነው፤ አንድ ቀን ማኅተሙን የያዘው ሰው የለም። በሩ ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ እንኳ በስድስተኛው ቀን አዝኖላት በነፃ ጻፈላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጓንጉል አስገብቶ አስቀመጣትና ቤቶቹን አንድ ድርጅት ለመጋዘን እንደጠየቀ፣ ደግሞስ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ገብቶ የሚገበያይ ማን እንደሆነ አስረዳት።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለችው፤ «ሰው የማይመጣው ሱቅ ስለሌለ ነው። በሩን ይክፈቱልኝና ሰው ካልመጣ እኔው ራሴ ቁልፉን አምጥቼ አስረክብዎታለሁ።»

 ጓንጉል በመጨረሻ ከሰኔ አንድ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ድረስ ሞክሩ አለ። ግን ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰባት ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ በር። ቅያሱ ጭር ካለ፣ ወይም አንዲት የክስ ወረቀት ከመጣች፣ በሮቹ ይታሸጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ መጋዘን ናቸው። ጠሂራ እጅ ነሥታ ወጣች። ከቀበሌው ደጅ እስክትርቅ ድረስ ቀስ ብላ ተራመደች፤ ከዚያ ግን ሮጠች።

ሰባቱ ሴቶች አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጠርጉ ሰነበቱ። ከሦስተኛው ክፍል ብቻ የወጣው የአይጥ ጎጆ ሁለት ዘምቢል ሞላ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት፤ የሳርዲን ሣጥን ደርድረው መደርደሪያ አደረጉት። የዕቃው ነገር አላስቸገረም፤ ጅምላ ነጋዴው በካርቶን እንጂ አልሸጥም ካለ፣ እነሱ ደግሞ ሰባት ሆነው አንድ ካርቶን ይገዛሉ፤ እዚያው ደጁ ላይ ይካፈላሉ። አንዷ ያልቻለችውን ሰባቱ ቻሉት። ሰኔ አንድ ቀን ጧት በሮቹ ወለል ሲሉ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ሻማ፣ አንድ መርፌ፣ ሩብ ሳሙና፣ ዘይት በኩባያ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ ጨው በጭብጥ። ሰው የሚፈልገውን ያህል፣ በሚፈልግበት ሰዓት። ዕድሜውን ሁሉ ሸክም ሲሸከም የኖረው ጋሽ እንድሪስ አንዲት ክብሪት ገዝቶ፣ እንደ ሥዕል ከፍ አድርጎ እያየ፣ «ስንት ሺህ ካርቶን በዚህ ጀርባ አለፈ፤ ከዚያ ሁሉ የእኔ የሆነችው ይቺ ናት» አለ። ጠሂራ ይህን ስትሰማ ደረቷ ሞላ። ኩራት ከሆነ ኩራት ይባል፤ ይገባት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዕጣው ነው። በሮቹን በቁልፍ ዕጣ ሲካፈሉ መጀመሪያው በር ለጠሂራ፣ ሁለተኛው ለሌላ ሸማኔ ሚስት ለደብሪቱ፣ ሰባተኛውና ቅያሱን ከዘጋው ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ለሸዋርካብሽ ወጣ። ሸዋርካብሽ ወንድሟን አማኑኤል ሆስፒታል ለማሳከም ከመንዝ መጥታ እዚያው የቀረች፣ ዓይነ አፋር ሴት ናት። ሁሉም የሚሸጡት አንድ ዓይነት ሸቀጥ ስለሆነ፣ ሰው ከመንገዱ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው በር ላይ ገዝቶ ይመለሳል። ጠሂራ ደጅ ሰው ሲጋፋ፣ ሰባተኛው በር ላይ ዝንብ አይጮኽም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ጠሂራ ከስግደት ስትመለስ ወደ ውስጥ ዘለቅ ብትል ሸዋርካብሽን ከመደርደሪያው ጀርባ ስታለቅስ አገኘቻት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም። «ገደ ቢስ ሆኜ ነው» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

ጠሂራ ያን ቀን በራሷ አፈረች። ሰባት በር ተከፈተ እያለች ስትኩራራ የተከፈተው አንድ ተኩል ኖሯል። እናቷ የምትቀመጥበት የባቲ የቅመም መደዳ ታወሳት። እዚያ ያሉ ሴቶች ጧት ሲቀመጡ መስፈሪያ ጣሳቸውን አፉን ወደ ምድር ደፍተው ያስቀምጣሉ። የዕለቱን የመጀመሪያ ገበያ ያገኘች፣ ማለት የከፈተች፣ ጣሳዋን ቀና ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ገዢ ቢመጣባትም፣ ጣሳዋ የተደፋ ጎረቤት እስካለች ድረስ አትሸጥም፤ ወደዚያች ትመራዋለች። ሁሉም ሲከፍቱ ገበያው ነፃ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ጣሳዋ ተደፍቶ የዋለች ደግሞ በማግሥቱ ከሁሉም ትቀድማለች። ማንም አልጻፈውም፤ ማንም አፍርሶት ግን አያውቅም።

ለስድስቱ ስትነግራቸው ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ተነሣች። ምላሷ ከመርፌዋ የሰላ ሴት ናት። «ደጄ ድረስ የመጣ ገበያ ልመልስ? አማኑኤል ቅርብ ነው ብለሽ ነው እትዬ ጠሂራ?» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ጠሂራም አብራ ሳቀች። ከዚያ ግን ከሁሉም በላይ ገበያ የምታጣው እሷ የመጀመሪያው በር ባለቤት እንደሆነች፣ ቅያሱ እስከ ሰባተኛው በር ድረስ ሰው ካልገባበት ደግሞ መጋዘን ፈላጊው እንደሚወስደው ነገረቻቸው።  በማግሥቱ ጧት ሰባት ጣሳ በሰባት ደፍ ላይ ተደፍቶ ታየ።

ሰፈርተኛው ለመልመድ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ጧት ወደ ቅያሱ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሻጯን ሳይሆን ደፉን ሆነ። የተደፋ ጣሳ ፈልጎ እዚያ ይገባል። እንዲያውም ነገሩ ወግ ሆነና «ዛሬ ማንን አስከፈትክ?» መባባል ተጀመረ። ሸዋርካብሽ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች፤ ቅያሱም እስከ ግድግዳው ድረስ ሰው ረገጠው። ጠሂራ በዚህ ነገር የፈጸመችው ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ ግን ትልቅ ነበር። ሰፈሩ ስላወቀ አገሩ ሁሉ ያወቀ መሰላት።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ ከከተማው ሳሙና ጠፋ። ዕቃ የሚደብቅ እየተፈለገ፣ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ቃል በየስብሰባው እየተነገረ ነበር፤ ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው መጨረሻው አያምርም። በዚያ ሳምንት፣ ሐሙስ ጧት፣ የዝናብ ካፖርት የለበሰ አንድ የማይታወቅ ጎልማሳ ወደ ቅያሱ ገባ። ዱባለ የሚባል ከበላይ የተላከ ተቆጣጣሪ ነው፤ ማንነቱን አልተናገረም። የጠሂራን ሳሙና በመደርደሪያው ላይ በዓይኑ እያየ፣ «ሳሙና ስጪኝ» አላት። ጠሂራ ከፍታለች፤ ጣሳዋ ቀና ብሏል። በፈገግታ «እኔ ከፍቻለሁ፤ ወደ ውስጥ ይዝለቁ» አለችው። እሱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ሁለተኛው በር ገባ፤ ደብሪቱም «ከፍቻለሁ፤ ወደ ውስጥ» አለችው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ሳሙና በየመደርደሪያው ተቀምጦ ስድስት ሴቶች በአንድ ቃል አንሸጥም አሉት። ከስድስተኛው በር ሲወጣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳውን አየ። የተቀለደበት መሰለው። ሰባተኛውን ሳያይ ዞሮ ሄደ፤ ጣሳዋን ደፍታ የጠበቀችው ሸዋርካብሽ ጀርባውን ብቻ አየች።

ዓርብ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ስድስት ሱቅ ተዋውሎ ሳሙና ደብቋል የሚል ወረቀት ቀበሌ ገብቷል ተባለ። ቅዳሜ ቅያሱ ጭር አለ። ሰው ፈራ። አይፈረድበትም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ሰፈር ከማን ደጅ ቆምክ ተብሎ የተጠየቀ ብዙ ነበር። ጥቂት ሰዎች ተደብቀው መጥተው ስድስቱን አስከፈቱ። የሸዋርካብሽ ጣሳ ተደፍቶ ዋለ፤ ተደፍቶ አመሸ።

እሑድ ጳጉሜን ሁለት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ዱባለ ወረቀቱን አነበበ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስድስቱን በሮች በየተራ ጠራ። ሐሰት የሚባል ነገር አልነበረበትም።  ጠሂራ ተነሣች።  የባቲን መደዳ፣ የጣሳውን ነገር፣ የሸዋርካብሽን ለቅሶ ሳይቀር አወራች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፤ «እኚህ ጓድ ለአገሩ እንግዳ መሆናቸውን አላወቅሁም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነው። ሌሎቹ ሴቶች የያዙት የእኔን ቃል ነው፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

ዱባለ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «አንቺ ተረት ነው የምታወሪው» አላት። ጓንጉል ወረቀቱን አየ፤ ሴትየዋን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ ነገ ጧት ራሱ እንደሚመጣ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሳሙና እንደሚጠይቅና በዓይኑ ባየው እንደሚፈርድ ተናገረ። ሦስት ቀን ከቀረው የሙከራ ጊዜ ጋር የሰባቱ በሮች ነገር በዚያ ጧት ላይ ተንጠለጠለ።

ሰኞ የጳጉሜን ሦስት ዝናብ ከጎሕ ጀምሮ ይወርድ ነበር። ሰባቱ ሴቶች ከወትሮው ቀድመው መጡ። ሰባት ጣሳ ተደፋ። አንድ ሰዓት ሲሆን ጓንጉል ከዱባለና ከአንድ የአብዮት ጥበቃ ጋር መጣ። ጥበቃው ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ በእጁ የማሸጊያ ወረቀትና በቆርቆሮ ዕቃ የተሞላ ሙጫ ይዟል።  ከቅያሱ መግቢያ ወዲያ፣ በየቤቱ ክዳን ሥር ሰው ቆሞ ያያል፤ ደፍሮ የሚገባ ግን የለም።

ጓንጉል መጀመሪያው በር ላይ ቆመ። ሳሙና እንዳለ ጠየቀ። ጠሂራም እንዳለ መለሰች።

«እንግዲያው ስጪኝ» አለ።

ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። የጠሂራ ጣሳ ተደፍቷል፤ ገና አልከፈተችም፤ ሳሙናው በእጇ ርቀት ላይ ነው። አንዱን አንስታ ብትሰጠው ያ ወረቀት በአንድ አፍታ ከንቱ ይሆናል፤ የሙጫው ቆርቆሮ ተዘግቶ ይመለሳል፤ ከስድስቱ አንዳቸውም አይቀየሟትም። ደብሪቱ ከሁለተኛው በር ሆና ስጪው፣ ስጪው እያለች በዓይኗ ትለምናታለች። ጠሂራ እጇን ወደ መደርደሪያው ልትሰድ ምንም አልቀራት። ግን በቅያሱ ጫፍ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመችውን ሸዋርካብሽን አየች። ቅዳሜ ተደፍቶ የዋለው ጣሳ፣ እሑድ ገበያ ስላልነበረ፣ ዛሬ ይቀድማል። ሊቀመንበሩ ያየው ዘንድ የመጣው ይህን ወግ ነው፤ እሱኑ ለማዳን እሱኑ ብታፈርሰው ትናንት ያወራችው በእርግጥ ተረት ሊሆን ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሸዋርካብሽ ቅዳሜ ሳትከፍት ነው ቤቷ የገባችው» አለችው። «ተራው የሷ ነው። ሰባተኛው በር ድረስ ይድከሙልኝ።»

ዱባለ «ይኸው፣ አላልኩም?» አለ። ጥበቃው ሙጫውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ጓንጉል ኮቱን ወደ ላይ ሰብስቦ በዝናቡ ውስጥ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ሁለተኛውን አለፈ፤ ሦስተኛውን አለፈ። ሴቶቹ አንዳቸውም አልጠሩትም። ሰባተኛው ደርሶ ሳሙና ሲጠይቅ ሸዋርካብሽ በጋዜጣ ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ጎንበስ ብላም ጣሳዋን ቀና አደረገችው። ቆርቆሮው ሲሚንቶውን ሲነካ የሰጠው ድምፅ እስከ መንገዱ ተሰማ።

ይህን ድምፅ የሰማው ጋሽ እንድሪስ ነው መጀመሪያ የገባው። ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ፣ ጥበቃውን በጎን አልፎ፣ ማንም ሳይነግረው ስድስተኛው በር ላይ ቆሞ ክብሪት ገዛ። ቀጥሎ የጥጋቡ ሚስት የአምስት ወር ልጇን አዝላ ገባች፤ ያቺ በምላጩ የመጣችው ሸዋዬ ናት። አምስተኛው በር ላይ ጨው ገዛች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንደተለመደው ሆነ። ሰው እያጎነበሰ ደፍ ያያል፤ የተደፋውን ፈልጎ ይገባል፤ ጣሳ ቀና ይላል። ማንም በማንም ላይ አልተጋፋም፤ አንድም ሰው ወዴት ልግባ ብሎ አልጠየቀም። ጠሂራ ደጅ የቆሙትን ሁሉ እሷው ራሷ ወደ ውስጥ እየላከች ነበር። ጓንጉል ሳሙናውን በብብቱ ይዞ፣ ከግድግዳው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ይህን ሁሉ ከጫፍ ሆኖ አየ። የተጻፈ ነገር ብቻ የሚያምነው ሰው ምንም ያልተጻፈ ሕግ ዓይኑ እያየ ሲሠራ አየ።

ሲመለስ ጠሂራ ደጅ ቆመ። ሰፈርተኛውም ከቦ ቆመ።

«ሙጫውን መልሰው» አለው ጥበቃውን። ከዚያም ወደ ጠሂራ ዞሮ፣ ከመስከረም ጀምሮም በሮቹ ክፍት እንደሚሆኑ፣ ድርጅቱ መጋዘን ሌላ ቦታ ይፈልግ ዘንድ ዛሬውኑ እንደሚጽፍለት ነገራት። ደብሪቱ ዕልልታዋን ለቀቀችው፤ ቅያሱ ተቀበላት። ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» እያለ የጎረቤቱን ትከሻ ይደበድባል። ጠሂራ ግን አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም። ከመንገዱ እስከ ግድግዳው ድረስ በሰው የተሞላውን ቅያስ አየችና ይህ የእኔ ሥራ ነው አለች በልቧ። ባሏን ካጣች ወዲህ ምንም ነገርን የእኔ ብላ አታውቅም ነበር።

ሰዉ ሲበተን፣ ጓንጉልም ወደ ቢሮው ሲያመራ፣ ዱባለ ወደኋላ ቀረ። የዝናብ ካፖርቱን ቆብ አውርዶ መደዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ከሰባተኛው በር ጀምሮ ስድስት ጣሳ ቀና ብሏል። ሰዉን ወደ ሌሎቹ ስትልክ ያረፈደችው ሴት ጣሳ ብቻ እንደተደፋ ነበር። ቀስ ብሎ መጥቶ ከደፏ ፊት ቆመ።

«እርስዎ እኮ አልከፈቱም» አላት።

«አልከፈትኩም» አለች ጠሂራ።

«ያ የሐሙሱ ሳሙና ካለ ይስጡኝ።»

ጠሂራ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ጋዜጣ ቀድዳ፣ ሳሙናውን ጠቅልላ፣ ይዛ ስትመለስ ዱባለ በእርጥቡ ደፍ ላይ አጎንብሶ ጣሳዋን በገዛ እጁ ቀና ሲያደርግላት አገኘችው።